ኤንቨሎፖቹ ይከፈቱ፦ ለፊልም ስክሪፕት ውድድር አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የዘንድሮውን የፊልም ስክሪፕት ውድድር ላዘጋጀው መሥሪያ ቤት፣ ለዳኞቹና ለስፖንሰሮቹ

ግልባጭ፦ ስክሪፕት አስገብቶ መልስ ለሚጠብቅ ሁሉ

የተከበራችሁ የውድድሩ አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን የፊልም ስክሪፕት የምንጽፍ፣ የጻፍነውን ጮክ ብለን የምናነብ፣ ከዚያም እርስ በርስ የምንተቻች ወጣቶች ነን። ከመካከላችን ባጃጅ የሚነዳ አለ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የምትሰፋ አለች። አስተማሪ አለ፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚፈልግም አለ። አብዛኞቻችን በውድድራችሁ ተሳትፈናል።

የመሥሪያ ቤታችሁን ስም አንጠራም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ደግሞም የምናነሳው ችግር የእናንተ ብቻ ስላልሆነ ሌሎች አዘጋጆችም ቢያነቡት ደስ ይለናል።

ለመጻፍ ያነሳሳን በቴሌግራም ገጻችሁ የለቀቃችሁት ማስታወቂያ ነው። ወራት ጠብቀን ያገኘነው አራት መስመር ነው። የቀረቡት ሥራዎች ዓለም አቀፍ ደረጃን ስላላሟሉ ውድድሩ ያለ አሸናፊ ተጠናቋል ይላል። ከዚያ ምስጋና። አለቀ። ስንት ስክሪፕት ቀረበ? ማን አነበበው? በየትኛው መለኪያ ወደቀ? አንዱም የለም። አስተያየት መስጫውም ተዘግቷል።

አሸናፊ አለመኖሩ በራሱ አላስከፋንም። ዳኛ የሚሸለም ሥራ አላገኘሁም ቢል መብቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እርስ በርስ የምንባባለውን ብትሰሙ የእናንተ ማስታወቂያ ለስላሳ ነው ትላላችሁ። «ይህቺ ሴትዮ ለምን ታለቅሳለች? ገና አላወቅናትም እኮ!» ተብሎ የሳምንት ሥራ ይጣላል። መተቸት ለምደናል። ያስከፋን ግን ጭራሽ መነበባችንን ማመን ስላቃተን ነው። ለምን እንዳቃተን እንንገራችሁ።

ደንባችሁ እያንዳንዱ ስክሪፕት በአራት ኮፒ ታትሞ፣ በኤንቨሎፕ ታሽጎ፣ መገጣጠሚያው ላይ ተፈርሞበት እንዲቀርብ ያዛል። የመንገድ ሥራ ጨረታ ነው የሚመስለው። እሺ ብለን አደረግነው። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ አንዲት ባልደረባችን ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄዳ ነበርና ወደ ቢሯችሁ ጎራ አለች። ለኮፒ ያወጣችው ገንዘብ ስላንገበገባት ቢያንስ ወረቀቱን ልትወስድ ነው። ኮሪደር ላይ ያለ ክምር አሳይተው «ከዚያ ውስጥ ፈልጊ» አሏት። ፈለገች፤ አገኘች። ኤንቨሎፑ እንደታሸገ ነው። መገጣጠሚያው ላይ የፈረመችው ፊርማ አልተነካም። ከላይና ከሥር የነበሩትን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየች፤ እነሱም አልተከፈቱም። ጥበቃው ቶሎ በይ እያለ ስላጣደፋት ስንት እንደሆኑ አልቆጠረችም።

ከእኛ መካከል አንድ ቅን ልጅ አለ። «ምናልባት ዳኞቹ ሶፍት ኮፒውን አንብበው ይሆናል» አለ። ሶፍት ኮፒ ግን አልተጠየቅንም። እንዲያውም በኢሜይል የላኩ ነበሩ፤ በአካል ካላቀረባችሁ አንቀበልም ተብለዋል።

እንግዲህ ያልተከፈተ ኤንቨሎፕ ውስጥ ያለ ስክሪፕት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለማሟላቱ እንዴት ታወቀ? ዋናው ጥያቄያችን ይህ ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ ተከታይ ነው።

«በአካል» የምትሉትን ነገር ደግሞ ከዚህ ሆናችሁ እዩት። ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢሯችሁ የሚከፈተው በሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ሌሊት ተነስቶ መናኸሪያ መድረስ፣ ምሳ ሰዓት ሳይገባ ቢሮ ለመድረስ መጸለይ፣ ካልሆነ አልቤርጎ ይዞ ማደር አለ። ይህ ሁሉ አንድ ኤንቨሎፕ ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ ነው። የተቀበለችው ልጅ ጎበዝ ናት፣ ፈገግ ብላ ተቀበለች። ደረሰኝ ግን አልሰጠችም። ስክሪፕታችን እናንተ ዘንድ ስለመድረሱ በእጃችን ያለው ማስረጃ የመመዝገቢያውን ክፍያ ስንከፍል የመጣልን የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። ብሩ መድረሱን እናውቃለን።

በዚህ ደንብ ምክንያት ጭራሽ ያልገባ ስክሪፕት አለ። የጻፈችው ያቺ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራዋ ልጅ ናት። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ሐዋሳ መጥተው አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት እየተከራዩ ይኖራሉ። ታሪኳ ከዚያው የተወለደ ነው። ሁለት ሴቶች አንድ አልጋ ይጋራሉ። አንዷ የቀን ሺፍት ናት፣ ሌላዋ የማታ። አልጋው መቼም አይቀዘቅዝም፤ እነሱ ግን በደንብ የሚተያዩት በእረፍት ቀን ብቻ ነው። የሚነጋገሩት ትራስ ሥር በሚያስቀምጡት ወረቀት ነው። አንድ ቀን ወረቀቱ ላይ የማይታወቅ ሦስተኛ የእጅ ጽሑፍ ይገኛል። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም፤ ስክሪፕቱ የእሷ ነው።

የምትጽፈው በሰርቪስ አውቶብስ ውስጥ ነው። ስልኳ ላይ ትጽፍና በቴሌግራም ለራሷ ትልከዋለች። ስልኩ መስታወቱ ስለተሰነጠቀ አንዳንድ ፊደል አይነካላትም። ስለዚህ «ጠ» መጻፍ ሲያቅታት «ተ» ትጽፋለች፤ እኛ ስንገለብጥ እናርመዋለን። ከቡድናችን ሁሉ የበለጠውን ስክሪፕት የጻፈችው እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ስክሪፕቷን ለማስገባት ግን በሥራ ቀን ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ፈቃድ ብትጠይቅ የቀን አበሏ ይቀራል። ሌላ ሰው ያስገባልሽ አልናት። ደንባችሁ ተወዳዳሪው ራሱ መታወቂያ ይዞ ይቅረብ ይላል። በቃ፣ ቀረ። ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟላ ሥራ አጣን ስትሉ ይህንንም አስቡት።

ስለ መታወቂያው ካነሳን አይቀር። የጠየቃችሁን ሰነድ ዝርዝር እኛም ለሥራ ቅጥር ነው እንዴ ብለን ደግመን አንብበነዋል። የቀበሌ መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ከነኮፒው። ፎቶው ስክሪፕቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲለጠፍ ነው የሚታዘዘው። ዳኛው ሲያነብ ፊታችንን እያየ ማለት ነው። የ10ኛ ክፍል ውጤት ለሲን (ለትዕይንት) አጻጻፍ ምን እንደሚጠቅም ብትነግሩን ደስ ይለናል።

ዓለም አቀፍ ደረጃ ካላችሁ፣ ዓለም አቀፎቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማየት ነው። ኦስካርን የሚሸልመው የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ ኒኮል የሚባል የጀማሪ ስክሪፕት ጸሐፊዎች ውድድር ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያካሂዳል። ለዓመታት የሠራበት ደንብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጸሐፊው ስም እንዳይጻፍ ያዝዝ ነበር። አንባቢው የማንን እንደሚያነብ አያውቅም። ያ ውድድር የሚቀበለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስክሪፕት ስለሆነ ለእኛ አይሆንም፤ አብዛኞቹ ሌሎች የውጭ ውድድሮችም ክፍያቸው በዶላር፣ በካርድ ነው። ስለዚህ የእኛ ተስፋ እናንተ ናችሁ። ስም መሸፈን ግን ዶላር አይጠይቅም።

አሁን ወደ ገጹ ጉዳይ እንምጣ። ይህን ነገር ከኛ በስተቀር ማንም የሚያብሰለስለው አይመስለኝም፤ ትንሽ ታገሱን።

ደንባችሁ ስክሪፕቱ «በኩሪየር 12» ተጽፎ ከ90 እስከ 120 ገጽ ይሁን ይላል። ከዚህ ያነሰ ወይም የበለጠ ሳይነበብ ይወድቃል። የዚህ መነሻው አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው የሆሊውድ ልማድ ነው። ግን ያ ልማድ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። ኩሪየር የታይፕራይተር ፊደል ነው፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ፊደል እኩል ቦታ ይይዛል። በእንግሊዝኛ፣ በዚያ ኅዳግ፣ በዚያ ፊደል ሲጻፍ ነው አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ የሚጠጋው። ኩሪየር ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ኩሪየር ብለን ብንመርጥም አማርኛውን ስንጽፍ በራሱ ወደ ሌላ ፊደል ይቀይረዋል። አንዱ ኮምፒውተር ኒያላ ያደርገዋል፣ ሌላው አቢሲኒካ። አቢሲኒካ በመስመርና በመስመር መካከል ሰፊ ቦታ ይተዋል። ያው ስክሪፕት በኒያላ 86 ገጽ ሆኖ በአቢሲኒካ ከመቶ ያልፋል። አንድም ቃል ሳይጨመርበት!

አስተማሪው ባልደረባችን የወደቀው በዚህ ነው። ምክንያቱን የነገራችሁት በስልክ ስለሆነ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ገጹ ያንሳል ተባለ። ያሳተመበት ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ያለችው ልጅ ሌላ ፊደል መርጣ ብታትምለት ኖሮ ያልፍ ነበር። ዕጣው የወጣው ኮምፒውተር ቤት ነው ማለት ነው።

እኛ እንዴት እንደምንለካው እንንገራችሁ። ስክሪፕቱን ተከፋፍለን ጮክ ብለን እናነባለን። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ሰዓት ይይዛል። ምልልሱ ቀላል ነው፤ አነበብከው፣ ደቂቃውን አየህ። የሚያስቸግረው ንግግር የሌለበት ሲን ነው። «ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይስባል» የሚለው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። መረብ ግን በአንድ መስመር አይሳብም። ስለዚህ አንዱ ይነሳና መረብ እንደሚስብ ሆኖ ይሠራዋል፤ ሰዓት ያዡ ይቆጥራል። የምናነበው ቡና የሚሸጥበት ቦታ ነውና ደንበኞቹ ይስቁብናል። ይሳቁ። በዚህ መንገድ ያ 86 ገጽ የተባለው የአስተማሪው ስክሪፕት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። የሙሉ ፊልም ርዝመት አለው።

የጽሑፍ ሁኔታችንንም ካወቃችሁት አይከፋም። ሁላችንም ላፕቶፕ የለንም። የጋራችን የሆነው ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ካልተሰካ አይነሳም። መብራት ሲጠፋ ያላስቀመጥነው ሥራ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በደብተር እንጽፋለን። ባጃጅ ነጂው ግን እሱንም አይችልም፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ድምፁን ቀድቶ በቴሌግራም ይልክልናል። ከሞቢል ወደ አቶቴ ሲሄድ የሰማውን ጭቅጭቅ፣ ተሳፋሪ ስልክ ላይ የተናገረውን ውሸት፣ ሁሉንም በራሱ ድምፅ ይተርከዋል። ሰው ሾፌሩ የማይሰማ ይመስለዋል። የምልልስ ጆሮ ያለው እሱ ነው። እኛ ሌሎቻችን ያደግነው ቪዲዮ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም እያየን፣ ሬዲዮ ድራማ እያዳመጥን ነውና መጀመሪያ ላይ ሰዎቻችን ሁሉ እንደ ሬዲዮ ተዋናይ ነበር የሚናገሩት። ቀስ በቀስ ያስተወን እሱ ነው።

ቀጥሎ «ገጽታ» የሚባለው ነገር አለ። ዓምና ከእኛ አንዱ ሐይቁ ዳር ስላለው የዓሣ ገበያ፣ ስለ አሞራ ገደል የጻፈውን አስገብቶ ነበር። አሞራ ገደልን የምታውቁት ለመዝናናት መጥታችሁ ከሆነ ጥብሱን፣ ከደፈራችሁም ጥሬ ዓሣውን በዳጣ ነው የምታውቁት። እሱ የሚያውቀው ማለዳውን ነው። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ቆሮሶና አምባዛው ሲለይ፣ ልጆች እንደ ምላጭ በተሳለ ቢላ ዓሣውን ሲገፉና ሲበልቱ፣ አባ ኮዳዎቹ (ትልልቆቹ አሞሮች) አንጀት እስኪጣልላቸው ተኮፍሰው ሲጠብቁ። ታሪኩ ከእነዚህ ልጆች ስለ አንዱ ነው። አባቱ መረቡን ሸጦ ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባ ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ መረቡን ይደብቃል። ቀላል ታሪክ ነው። ጥሩ ታሪክ ነው።

ከእናንተ ዘንድ የደወለለት ሰው የሰጠው አስተያየት ታሪኩ የከተማዋን መልካም ገጽታ አያሳይም የሚል ነበር። ሪዞርቶቹ የሉበትም፣ ልጁ ጫማ የለውም። የማስታወቂያ ፊልም ከፈለጋችሁ ለማስታወቂያ ሥራ ድርጅት ክፈሉ። ሐዋሳን ከልባችን እንወዳታለን፤ የምንጽፍባትም ስለምንወዳት ነው። ጫማ የሌለውን ልጅ ከፊልሙ ብናወጣው ነገ ጠዋት አሞራ ገደል ጫማ ተጫምቶ አይገኝም።

በቋንቋም በኩል ቅሬታ አለን። ደንቡ ስክሪፕቱ «ሙሉ በሙሉ በአማርኛ» ይሁን ይላል። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። እዚህ አንድ ቤት ውስጥ አያት በሲዳሙ አፎ ትናገራለች፣ የልጅ ልጅ በአማርኛ ይመልሳል፣ ጎረቤት ወላይትኛ ጣል ያደርጋል። አንዱ ባልደረባችን ታሪኩን ያደረገው በፍቼ ጨምበላላ ዋዜማ ነው። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው። ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ይወስናሉ፤ ሰው በቀርከሃ ቅስት ሥር አልፎ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል። አያትየው በዚያ ምሽት በአማርኛ ትናገር? ባልደረባችን ከሥር የአማርኛ ትርጉም ጽፎበታል፤ በፊልም ላይም በጽሑፍ ይወጣል። ደንብ ነው ተብሎ ተመለሰ። በዓሉ በቴሌቪዥን ሲከበር ግን ሁሉም ይመጣል።

ዓለም አቀፍ ደረጃ ስላላችሁት አንድ ነገር ብቻ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲወስድ በምርጥ ስክሪፕትም ተሸልሟል። በኛው ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ያሉበት፣ የኛው ታሪክ ነው። እኛ እዚያ ደርሰናል አንልም። ደረጃው የሚታወቀው ግን ተነብቦ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራን ነገር እንለፍ። ቅጹ መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንቀጽ አለ። የቀረበ ሥራ አይመለስም፣ አዘጋጁም ለፈለገው ዓላማ ሊጠቀምበት ይችላል ይላል። ቅጹን ካልፈረምክ አትወዳደርም።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሌላ ነው የሚለው። ጽሑፍ ወረቀት ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ መብቱ የጸሐፊው ነው። ለጥበቃው መመዝገብ እንኳ ግዴታ አይደለም። ጸሐፊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ይህን መብት በአንድ መስመር፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ከተሸነፈ ተወዳዳሪ ላይ ሳይቀር መውሰድ ምን ይሉታል? ያሸነፈውን እንኳ ሸለማችሁት እንበል። የተሸነፈውን ስክሪፕት ምን ልታደርጉት ነው? ደረጃ አላሟላም አላችሁ አይደል?

ባጃጅ ነጂው ካቻምና ስክሪፕት አስገብቶ ነበር። ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ሕፃን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ እናቱን ስለሚፈልግ ሾፌር ነው። ከዓመት በኋላ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ በጣም የሚቀራረብ ነገር አየ። ባጃጁ ታክሲ ሆኗል። ማንንም ሌባ አላልንም። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሐሳብ ሊመጣለት ይችላል፤ አዋጁም ሐሳብን አይጠብቅም፣ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው። ነገር ግን ደረሰኝ ቢኖረው፣ ቀን የተጻፈበት ማህተም ቢያርፍበት፣ ማን እንዳነበበው ቢታወቅ ኖሮ ጥርጣሬው ራሱ አይመጣም ነበር። አሁን ልጁ አዲስ ሐሳብ ሲመጣለት ለኛ እንኳ ለመንገር ያመነታል። የሰበረው ይሄ ነው።

ሽልማቱንም እናንሳ፤ አጭር ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ከዚሁ ከተማ አንዲት ልጅ 3ኛ ወጥታ ነበር። መድረክ ላይ ትልቅ ቼክ ይዛ ፎቶ ተነሳች። ፎቶው ዛሬም ገጻችሁ ላይ አለ። ቼኩ ካርቶን ነው። እውነተኛው «በሂደት ላይ» ነው። ስትደውል የፋይናንስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ካርቶኑ እቤቷ አለ፤ እናቷ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ከሁሉ በፊት በዘንድሮው ውድድር ስንት ስክሪፕት እንደቀረበ፣ ስንቱ እንደተነበበ፣ ማን እንዳነበበውና በምን መስፈርት እንደተመዘነ በይፋ ንገሩን። ያልተከፈቱት ኤንቨሎፖች ይከፈቱና ይነበቡ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ለባለቤቶቻቸው እንደታሸጉ ይመለሱ፤ የመመዝገቢያውም ገንዘብ አብሮ ይመለስ።

ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሦስት አራት መስመር አስተያየት ይሰጠው። ብዙ አልጠየቅንም። «ሁለተኛው ክፍል ይንዛዛል» ብትሉን እንኳ ደስ ብሎን እናሳጥረዋለን።

ከሚቀጥለው ጀምሮ ስክሪፕት በኢንተርኔት ተቀበሉ። የግድ ወረቀት ካላችሁ በየክልሉ የሚቀበል ቦታ ይኑር፣ ተወካይም ማስገባት ይችል። ላስገባ ሁሉ ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ስጡ። ፎቶውንና የትምህርት ማስረጃውን ተዉት፤ ስማችንን ሸፍናችሁ በቁጥር አንብቡን። ርዝመቱን በገጽ መለካት ከፈለጋችሁ ደግሞ የግዕዝ ፊደሉን ዓይነትና የመስመሩን ስፋት ወስናችሁ አውጡ፤ አለዚያ በደቂቃ ይሁን። ትርጉሙ አብሮ እስከቀረበ ድረስ በሌላ የአገራችን ቋንቋ የተጻፈ ምልልስ አይጣል።

ያ የትንንሽ ፊደል አንቀጽ ይውጣ። ስክሪፕት ስትፈልጉ ከጸሐፊው ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ፣ ክፈሉ፣ ስሙን ጻፉ። የ3ኛዋን ልጅ ሽልማትም ክፈሏት።

ስፖንሰሮች፣ እናንተም አርማችሁ ፖስተሩ ላይ አለ። በሚቀጥለው ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት የዳኞችን ስምና የአምናውን ሽልማት የክፍያ ሰነድ ጠይቁ።

የአንባቢ እጥረት ካለባችሁ ደግሞ ለመጀመሪያ ዙር ንባብ ፈቃደኛ ነን። የራሳችንን ከተማ አንነካም፤ የአዳማን፣ የባሕር ዳርን፣ የጅማን፣ የድሬዳዋን ስጡን። ቅዳሜ ከሰዓት ነው የምንሰበሰበው፣ ንባቡን እንችልበታለን።

ኮፒዎቹን ለመውሰድ ከመካከላችን አንድ ሰው ውክልና ይዞ ይመጣል። በሥራ ቀን የሚመች ቀንና ሰዓት፣ የምታስረክበውንም ሰው ቢሮ ቁጥር አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሐዋሳ የጀማሪ ፊልም ጸሐፊዎች የቅዳሜ ስብስብ አስተባባሪ
ስለ ሁሉም አባላት